ፍርሃቱ ቀድሞ ገባ፣ ቀድሞም ወጣ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከኮሮና ቀድሞ የተሰማው የነጭ ሽንኩርት መወደድ ነው። ሎሚ፣ ዝንጅብልና ፌጦም ወዲያው ተከተሉ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሌላው ዝንጅብል በሎሚ፣ ሦስተኛው ፌጦ በባዶ ሆድ እያለ በስልኩ የደረሰውን መላ ለዘመድ ለወዳጅ ሲያስተላልፍ፣ ጉልት ላይ መደቡ እያነሰ ዋጋው እየከበደ ሄደ። ፋርማሲ በር ላይ ለማስክና ለሳኒታይዘር ሰልፍ ተያዘ። ዋጋ አናሩ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ። በዚያ ሰሞን በመላ አገሪቱ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ግን ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ ቢሳፈሩ የሚያልቁ ነበሩ።

የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን ይፋ ሆነ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው። ዜናውን የተናገሩት በጤና ሚኒስትርነት ገና በቅርቡ የተሾሙት ዶ/ር ሊያ ታደሰ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የስፖርት ውድድሮችና ትላልቅ ስብሰባዎች ቆሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ ጊዜ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። የየብስ ድንበሮች ተዘጉ፤ ከውጭ የገባ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲገባ ታዘዘ። ማረሚያ ቤቶች እንዳይጨናነቁ 4,011 ታራሚዎች በይቅርታ ተለቀቁ። በነሐሴ ሊደረግ የታሰበው ምርጫም በዚያው መጋቢት ተራዘመ።

ሕዝቡም አልሰነፈም። በየታክሲ ተራው፣ በባንኩ በር፣ በካፌው ደጃፍ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ብሎኬት ላይ ተቀመጠ፤ ከጎኑ ክዳኑ በተበሳ ሃይላንድ የተበጠበጠ የልብስ ሳሙና። የሰፈር ወጣቶች ውሃ እየቀዱ፣ መንገደኛውን እያስቆሙ ያስታጥቡ ነበር። ሳይታጠብ የሚያልፍ ሰው ዓይን ይበዛበታል። ወያላው ራሱ በር ላይ ቆሞ በእያንዳንዱ ተሳፋሪ መዳፍ ላይ ሳኒታይዘር ጠብ ያደርጋል። ባንክ ውስጥ ወረፋ የሚይዝ ሰው ወለል ላይ በቀለም የተሰመረችውን መስመር እንዳይረግጥ ይጠነቀቃል። ይህ ሁሉ የሆነው በአገሪቱ አንድም ሰው በኮሮና ሳይሞት ነው። የመጀመሪያው ሞት የተመዘገበው መጋቢት 27 ነበር፤ የ60 ዓመት ሴት ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የተያዙት 55፣ የሞቱት ሁለት ነበሩ። አዋጁ የአምስት ወር ዕድሜ የተሰጠው ሲሆን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፣ ማስክን ግዴታ አደረገ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን አዘዘ። የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር። ከክልከላዎቹ አንዱ ለብቻው የሚነሣ ነው፤ መጨባበጥ ሕገ ወጥ ሆነ። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ካልተሳሳመ፣ ትከሻ ለትከሻ ካልተጋጨ ሰላም ያለ የማይመስለው ሕዝብ በክርንና በጫማ ጫፍ መነካካት ጀመረ። እጅ ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ የሚለው የቆየ ወግም ያኔ እንደገና ፋሽን ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ መንግሥት አዘዘ፣ ሕዝብ ታዘዘ የሚል ይመስላል። አዋጁ በወጣ በአምስተኛው ወር፣ ነሐሴ ላይ፣ በቀን ከ1,000 በላይ ሰው በሽታው ሲገኝበት ግን ጀሪካኖቹ ባዶ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ወደ ቤት ተመልሰው የጓዳ ውሃ መያዣ ሆነዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በቀን ከ2,000 በላይ ሕመምተኛ ሲመዘገብ፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ሞልቶ ኦክስጅን ሲያጥር፣ ሠርጉም ለቅሶውም እንደ ወትሮው ነበር። ጥንቃቄው የበረታው በሽታው በሌለበት ሰሞን ነው። በሽታው ሲበረታ ጥንቃቄው አልነበረም።

ይህ ለምን ሆነ ለሚል ሰው የተለመደው መልስ «ሕዝቡ አልገባውም» የሚል ነው። መልሱ ለተናጋሪው ይመቸዋል፤ እውነቱን ግን አይነካም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍርሃቱ የሚይዘው አጥቶ የሚወድቅበትን ይፈልግ ነበር። ከወደቀባቸው መካከል በመንገድ የሚያልፉ የውጭ ዜጎች ይገኛሉ። «ኮሮና!» «ቻይና!» እየተባሉ የተሰደቡ፣ ድንጋይ የተወረወረባቸው፣ ታክሲ አልጭንም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ መጋቢት 9 ቀን ለዜጎቹ የጥንቃቄ ማሳሰቢያ እስከ ማውጣት ደርሷል። እንግዳ ተቀባይ ነን የሚለው ሕዝብ ይህን ማድረጉ ለብዙዎች አሳፋሪ ነበር፤ ማፈራቸውም ተገቢ ነው። በዚያው ሰሞን የቻይናዊው ባለጸጋ የጃክ ማ ርዳታ፣ ማስኩና መመርመሪያው፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአፍሪካ አገሮች ይከፋፈል ነበር። በኋላ የመፈራት ተራው ከጅቡቲ መስመር የሚመጡት የከባድ መኪና ሹፌሮችና ከስደት ተመላሾቹ ሆነ።

ተስፋውም እንደ ፍርሃቱ ችኩል ነበር። መጋቢት 18 ቀን የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከጤና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ፣ በአገር በቀል ዕውቀት ላይ የተመሠረተ መድኃኒት መሠረታዊ የምርምር ደረጃውን ማለፉንና ተስፋ ሰጪ መሆኑን አስታወቀ። ማኅበራዊ ሚዲያው በደስታ ተናወጠ። ወዲያው ደግሞ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ተቃወሙ፤ በሰው ላይ ያልተሞከረ ነገር በዚህ ሰዓት እንዲህ ከታወጀ ሰው እጁን መታጠብ ይተዋል አሉ። መድኃኒቱ ሕዝብ እጅ ሳይደርስ ወሬው ቀዘቀዘ። ማሳወቁ ግን ሌላ ጉዳት ትቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ መግለጫን ሁሉ ሰው በጥርጣሬ ጆሮ ይሰማው ጀመር።

ከሁሉ የከበደው የቤተ እምነቱ ነገር ነው። ከመጋቢት ማብቂያ ጀምሮ የሃይማኖት ተቋማት ለአንድ ወር የሚቆይ ጸሎት አወጁ፤ ጸሎቱም በቴሌቪዥን ተላለፈ። አብያተ ክርስቲያናት በጥቂት አገልጋዮች ብቻ እንዲቀድሱ ተባለ። ምእመኑ ግን በዐቢይ ጾም፣ ያውም ሕማማትና ፋሲካ ሲቃረብ፣ እቤት መቅረቱን አንጀቱ አልቻለም። ብዙዎች ነጠላቸውን ተከናንበው ከቅጥሩ ውጭ፣ በአጥሩ ሥር ቆመው ሲሰግዱ ታዩ። ሚያዝያ 11 የዋለው ፋሲካ ያለ ሌሊት ጭብጨባ አለፈ። ቀጥሎ የገባው ረመዳንም መስጊዶች በራቸውን ዘግተው፣ ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ።

በነዚያ ቀናት ካህናት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጽና ይዘው ዕጣን እያጠኑ ሲያልፉ፣ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር ነበረ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። ሰው የግቢውን ጥራጊ፣ ያረጀውን ሰሌን፣ የደረቀውን ቅጠል ሰብስቦ ደጃፉ ላይ ያነዳል። «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ልማዱን ሕዝቡ የሚያያይዘው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከገባው ወረርሽኝ፣ ከኅዳር በሽታ ጋር ነው።

የኅዳር በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ያኔ ሕዝቧ 100,000 የማይሞላ ከተማ ነበረች። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሞተውን ሰው የጽሑፍ ምንጮች በሺዎች ይቆጥሩታል፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ከሞት የተረፉ ሲሆን፣ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በከተማይቱ ከ10,000 ሰው በላይ ማለቁን ጽፈዋል። አዋጅ የሚጠብቅ አልነበረም። ገበያውና መሥሪያ ቤቱ ሰው በማጣት ራሳቸው ተዘጉ። አንድ ቤት ሙሉ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ። ቀባሪው ከሟቹ ቀጥሎ ይሞት ስለነበር መቃብር በጥልቀት መቆፈር ቀረ፤ ጅቡ ሌሊት ገብቶ ሬሳ እየጎተተ ወጣ። ለኢትዮጵያዊ ሳይለቀስለት፣ ሳይገነዝ፣ ሳይፈታ መቀበር ከሞቱ ይበልጥ የሚያስፈራ ነገር ነው። በሽታው በከተማይቱ ትዝታ ውስጥ ይህን ያህል የቆየው በሟቹ ብዛት ብቻ እንዳይመስል። ሥርዓተ ቀብሩን ስላፈረሰው ጭምር ነው።

መድኃኒቱም ቢሆን ያው ነበር፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ። በ102ኛው ዓመት የልጅ ልጆቻቸው በድስት ያፈሉትን የባሕር ዛፍ ቅጠል በብርድ ልብስ ተሸፍነው ሲታጠኑ ምን ያህል እንደተመሳሰሉ ያስተዋለ ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት በዓለም ሌላ ጫፍ የሆነው ነገር ደግሞ ለዘመናችን ይበልጥ ይቀርባል። በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት በጥቅምት 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1918 ማለት ነው) ነዋሪው ሁሉ ከሻሽ የተሰፋ ማስክ እንዲያደርግ በሕግ አስገደደ። የጣሰ ከ5 እስከ 100 ዶላር ይቀጣል ወይም እስከ 10 ቀን ይታሰራል። አንደኛው የዓለም ጦርነት አላለቀም ነበርና ማስክ ያላደረገ ሰው ከዘመቻ የሸሸ ያህል ተቆጠረ። አብዛኛው ሰው ታዘዘ። ያልታዘዘው ተያዘ፤ በአንድ ቀን መቶ ያህል ሰዎች የታሰሩበት ጊዜ ነበር። በመካከሉ አንድ የጤና ተቆጣጣሪ በከተማይቱ መሀል ማስክ አላደርግም ካለ አንጥረኛ ጋር ተጣልቶ ሽጉጥ ተኩሶ አቆሰለው። ከንቲባው ጄምስ ሮልፍ ራሳቸው የቦክስ ግጥሚያ ሲመለከቱ ማስካቸው ፊታቸው ላይ ሳይሆን ፎቶ ተነሥተው 50 ዶላር ተቀጡ። የከተማው የጤና ኃላፊ ዶ/ር ዊሊያም ሃስለርም በዚያው ፎቶ ምክንያት 5 ዶላር ከፈሉ።

ወረርሽኙ ረገብ ሲል፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ልክ በእኩለ ቀን ፊሽካ ተነፋ፤ ሕዝቡ ማስኩን አውልቆ ጎዳናው ላይ እየጣለ ጨፈረ። ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1911 ነው፤ አዲስ አበባ ሬሳዋን የምትቀብርበት አጥታ የዋለችበት ሚካኤል።

ሳን ፍራንሲስኮ ቸኩላ ነበር። በሽታው በወሩ ተመለሰ። በጃንዋሪ 1919 ከተማይቱ ማስኩን እንደገና ስታስገድድ ግን ሕዝቡ የቀድሞው ሕዝብ አልነበረም። የጸረ ማስክ ማኅበር ተቋቋመ፤ መሪዋ የሕግ ባለሙያና የሴቶች የመምረጥ መብት ተከራካሪ የነበሩት ኢ. ሲ. ሃሪንግተን ናቸው። ድሪምላንድ በሚባል አዳራሽ በጠሩት ስብሰባ 2,000 የሚሆን ሰው ተገኘ። ክርክራቸው ዛሬም የሚታወቅ ነው፦ ማስኩ መሥራቱ በማስረጃ አልታየም፣ ነፃነታችንን ይነካል፣ ነጋዴው ከሠረ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለሃስለር ቢሮ ፈንጂ የያዘ ጥቅል ተልኮ ነበር። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ግዴታው ተነሣ። በወረርሽኙ ከ3,000 በላይ የሳን ፍራንሲስኮ ነዋሪ ሞቷል።

የሳን ፍራንሲስኮ ሰው በሁለተኛው ጊዜ ያልታዘዘው ስለ በሽታው የሚያውቀው አንሶ አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ ያኔ ይበልጥ ያውቀው ነበር። የማያውቁትን ነገር መፍራት ቀላል ነው። ያወቁትን፣ አንዱን ወስዶ አሥሩን የማረውን በሽታ ግን ሰው ከኑሮው ጎን አስቀምጦ ይመዝነዋል። ከዚያ ላይ ደግሞ የመከላከል ሥራ ያልታደለው ነገር አለ፤ ከሠመረ ጥቅሙ አይታይም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2012 አዲስ አበባ ላይ ይደርሳል የተባለው እልቂት ሳይመጣ ሲቀር «ተጠንቅቀን ዳንን» ያለ ጥቂት ነው፤ «የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛን አይነካም» ያለው ብዙ ነበር።

ወደ ኑሮው ሲመጣ ነገሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሚያዝያ 2012 ዋዜማ እንደ በለጸጉት አገሮች እንቅስቃሴን ሙሉ በሙሉ መዝጋት እንደማይቻል ተናግረው ነበር፤ ቤት የሌለው ዜጋ ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው በየዕለቱ ወጥቶ ነው። ትክክል ናቸው። በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ስድስት ሆኖ የሚያድር፣ መጸዳጃ ቤት ከአራት አባወራ ጋር የሚጋራ፣ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ቤተሰብ ርቀት የሚጠብቀው ከማን ነው? እጅ መታጠብ ብዙ ወጪ አልነበረውም፤ ጥቂት ቆየ። ማስክ ገንዘብ ያስወጣል፤ አንዱን የጨርቅ ማስክ ሳምንት ሙሉ ያደረጉት ቁጥር ስፍር የላቸውም።

የታክሲው ጉዳይ ለብቻው ይነገር። ሚኒባሱ በግማሽ ይጫን ሲባል ባለመኪናው እንዳይከስር ታሪፍ ከፍ ተደረገለት። ተሳፋሪው ግን ደመወዙ አልጨመረም። ጠዋት ሜክሲኮና መገናኛ ላይ ሰልፉ ተጠምዝዞ አስፋልት ወጣ፤ መኪና ውስጥ እንዲራራቅ የተባለው ሰው መኪናውን ሲጠብቅ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየተቀበለ አንድ ሰዓት ይቆማል። ሲመሽ ረዳቱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ግቡ፣ ጎንበስ በሉ» ይላል፤ ትርፍ የገባው ተሳፋሪ ትራፊክ ፖሊስ እስኪያልፍ በወንበሮቹ መሀል ቁጢጥ ይላል። ሕጉን የጣሱት ረዳቱም ተሳፋሪውም ናቸው፤ ሁለቱም ምክንያታቸው እራት ነው።

ማስክ የፖሊስ ሆነ። አገጭ ላይ ተንጠልጥሎ ይዋልና ሰማያዊ ልብስ ሲታይ ወደ አፍንጫ ይወጣል። በግንቦት 2012 በአዲስ አበባ ማስክ ያላደረጉ ብዙ ሰዎች በፖሊስ ተያዙ። ሰውን ከመጨናነቅ ለማዳን ሰብስቦ ፖሊስ ጣቢያ ማስገባት የሚሉት ነገር ያኔም የሚያስቅ ቀልድ ነበር።

ከማስኩ ይልቅ በሽታውን የደበቀው ግን የአምቡላንሱ አመጣጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በምርመራ በሽታው የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምልክት ይኑረውም አይኑረው፣ ወደ ለይቶ ማከሚያ ይወሰድ ነበር። ከእግር እስከ ራስ በነጭ የተሸፈኑ ባለሙያዎች መንደር ሲገቡ ሕፃን አዋቂው ደጅ ይወጣል፤ ስልኩን አንሥቶ የሚቀርጽም አይጠፋም። ሰውየው ድኖ ቢመለስ እንኳ ቡና የሚጠራው ጎረቤት ያጣል። ባለሱቁ ገንዘቡን በሶፍት ይቀበለዋል። ስለዚህ የታመመ ሰው «ብርድ ነው» ብሎ ይተኛል። በግንቦትና በሰኔ የጤና ሚኒስቴር በየዕለቱ ከሚያሳውቀው የሞት ቁጥር መካከል በአስከሬን ምርመራ የታወቁት ብዙ ነበሩ፤ በሕይወት ሳሉ ማንም አልመረመራቸውም። ሕመምተኛው ቫይረሱን ሳይሆን መታወቁን ነው የፈራው። በቤት ውስጥ ሆኖ ራስን መለየት የተፈቀደው ዘግይቶ ነው፤ በጊዜው ተፈቅዶ ቢሆን የሚደበቀው ሰው ባነሰ ነበር።

በዚህ ላይ አገሪቱ ሌላ ሐዘን ያዛት። በሰኔ 2012 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ሁከት ተነሣ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። ልጁ ግንባር ያለ ወላጅ ስለ ማስክ የሚያስብበት ልብ ከየት ያመጣል? የተራዘመው ምርጫም ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲደረግ የፓርቲዎቹ የድጋፍ ሰልፍ አራት ሰው አይሰብሰብ የተባለበትን ዓመት የሚያስታውስ አልነበረም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን የተካው መመሪያ ቁጥር 30 መጨባበጥንም ያለ ማስክ መውጣትንም ይከለክል ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ያስታወሰው አልነበረም።

የነዚያን ወራት መልካም ገጽ ዘሎ ማለፍ ግፍ ነው። አከራዮች የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ አንቀበልም ማለታቸው በየሚዲያው የተሰማው፣ ሆቴልና ሕንፃ ለለይቶ ማቆያ የሰጡ ባለሀብቶች የታዩት፣ ለበዓል «ማዕድ ማጋራት» በሚል ዘይትና ዱቄት በየቤቱ የታደለው ያኔ ነው። ዕድሮች ድንኳን መትከል ሲያቆሙ ዳሱን ትተው ገንዘቡን ለሐዘንተኛ ማድረስ ጀመሩ። አንዳንዱ ሐዘንተኛ ይህን እንደ እፎይታ ነው ያየው፤ ለወትሮው ለቀስተኛ ማብላት ዕዳ ያስገባዋልና። ጮክ ብሎ የተናገረው ግን አልነበረም።

ከአገር ውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ የከፈለው ሌላ ነው። በሚያዝያ 2012 ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን በአውሮፕላን አሳፍራ ላከች፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በዚህ ሰዓት ሰው ማባረር ወረርሽኙን ያዛምታል ብሎ ይቁም አለ። ተመላሾቹ ቦሌ ወርደው በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች 14 ቀን ተቀመጡ፤ ተማሪው ወደ ቤቱ ስለተሸኘ አልጋው ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ደግሞ ቤሩት ውስጥ፣ በምንዛሪ ውድቀትና በኮሮና የተመቱ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ሻንጣቸውን አስይዘው ኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ እየጣሉ ሄዱ። ደመወዛቸውን ያልተቀበሉ፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ የቀረ ሴቶች እግረኛ መንገድ ላይ አደሩ። እቤት ሁኑ የሚለው ትእዛዝ ቤቱ የሰው ለሆነባቸው ምን ትርጉም እንዳለው ያሳዩት እነሱ ናቸው።

በዚያው ወር ከአዲስ አበባ አንድ ደስ የሚል ዜና ዓለምን ዞረ። ቤተሰባቸው 114 ዓመታቸው ነው ያላቸው አንድ መነኩሴ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ታክመው ዳኑ። የተገኘባቸው በሰፈራቸው በተደረገ የዘፈቀደ ምርመራ ሲሆን ምልክት ገና አልታየባቸውም ነበር፤ በቀናት ውስጥ ግን ኦክስጅን አስፈለጋቸው። ዕድሜያቸው የተባለው ከሆነ የኅዳር በሽታ ሲገባ 12 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ከሁለቱም ወረርሽኝ የተረፈ ሰው ማለት ነው። ሐኪሞቹም ዕድሜያቸው ከመቶ እንደማያንስ ተናግረዋል።

ክትባቱ የደረሰው የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ በዓመቱ ነው። 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 ቦሌ ገባ፤ መርፌው መጋቢት 4 ቀን በኤካ ኮተቤ ተጀመረ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ነበር፣ እነሱም ሁሉም አልተሽቀዳደሙም። ደም ያረጋል የሚለው የአውሮፓ ዜና፣ ያመክናል የሚለው የሰፈር ወሬ፣ 666 ነው የሚለው ስብከት አንድ ላይ ደረሱ። ነጭ ሽንኩርት በሰልፍ የገዛ ሰው በነፃ የቀረበለትን ክትባት «ትንሽ ይቆይ፣ በሌላው ላይ ይታይ» አለ። በሽታውን መፍራቱን ስለተወ የሚያስቸኩለው አልነበረም። ሳዑዲ ዓረቢያና ሌሎች አገሮች ከመንገደኛ የክትባት ማስረጃ መጠየቅ ሲጀምሩ ግን ወረቀቱ ተፈላጊ ሆነ። በኅዳር 2014 ዘመቻው ዕድሜው ከ12 ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ ሲከፈት ባለሙያዎቹ የቅዝቃዜ ሳጥናቸውን አንግተው ሰው ወዳለበት ወጡ። በአንድ መርፌ የሚያልቀው የጆንሰን ክትባት ሥራውን አቀለለላቸው፤ ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ስልኩን የዘጋ ሰው እያፈላለጉ መጥራት ቀረ።